አንድ ሰው በሁለት ሃይማኖት ይኖራልን?

  

አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ በሰፈራችን መስጊድ ግቢ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሃያ ዓመት የሞላው የማይመስል ወጣት ቀረብ ብሎ «ኡስታዝ፣ እንዳይቆጡኝ እንጂ አንድ ጥያቄ ነበረኝ» አለኝ። አባቱ ሙስሊም፣ እናቱ ክርስቲያን ናቸው። ጁሙዓ ከአባቱ ጋር ይሰግዳል፤ እሁድ ከእናቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይቆማል። ረመዳንንም ይጾማል፣ ሁዳዴንም ይጾማል። «አምላክ አንድ ከሆነ ሁለቱንም ብከተል ምን ክፋት አለው? አንዱን ብመርጥ ከሁለት አንዳቸው ያዝኑብኛል» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር አፌ ላይ የመጣው መልስ አጭር ነበር። «አይቻልም» ብሎ ማሰናበት። ነገር ግን እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድማማቾች አንዱ ሲሰግድ ሌላው ሲያስቀድስ ማየት ብርቅ አይደለም። የልጁ ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ መሆኑን ስለማውቅ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ያን ዕለት የነገርኩትንና ጊዜ አጥሮኝ ያልነገርኩትን እነሆ ለእናንተም አቀርባለሁ።

እንደሚታወቀው ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። የመካ ቁረይሾች በስድብም በማስፈራራትም ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ማቆም ባቃታቸው ጊዜ ወሊድ ቢን ሙጊራንና ኡመያ ቢን ኸለፍን የመሳሰሉ ሹሞቻቸው የስምምነት ሐሳብ ይዘው መጡ። አንድ ዓመት አንተ የእኛን አማልክት ታመልካለህ፣ አንድ ዓመት እኛ ያንተን ጌታ እናመልካለን ነበር ያሉት። ለሰሚው ሰላም ያለበት፣ ደም የማያፋስስ ሐሳብ ይመስላል። መልሱ ግን ልጆቻችን ሁሉ በቃላቸው የሚያውቋት ባለ ስድስት አንቀጿ ሱረቱል ካፊሩን ሆነች። ልብ በሉ! ሱራዋ የወረደችው ሙስሊሞች ጥቂትና ደካማ በነበሩበት በመካ ዘመን ነው። ጉልበት ያለው ሰው «አልደራደርም» ቢል አይደንቅም፤ ጉልበት የሌለው ሲለው ግን ጉዳዩ የጉልበት አለመሆኑን ያሳያል።

ከዚህ ይልቅ እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ የጣኢፍ ሰዎች ታሪክ ነው። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ የሰቂፍ ጎሳ መልእክተኞች ወደ መዲና መጥተው እስልምናን ለመቀበል ፈቀዱ። ነገር ግን «ላት» የተባለችው ጣዖታቸው ለሦስት ዓመት ሳትፈርስ እንድትቆይላቸው ለመኑ። እምቢ ተባሉ። ዓመት ቀንሰው ለመኑ፤ እምቢ ተባሉ። በመጨረሻ «አንድ ወር ብቻ!» እስከ ማለት ደረሱ። ምክንያታቸውም ተንኮል አልነበረም፤ ሴቶቻችንና ያልበሰሉት ሰዎቻችን ይደነግጣሉ የሚል ነበር። ልክ እንደዚያ ወጣት ሰው እንዳይከፋባቸው ፈርተው ነው። አንድ ወርም አልተፈቀደላቸውም። ሆኖም «ጣዖቷን በገዛ እጃችን አታስፈርሱን» ያሉት ልመና ተቀባይነት አገኘ፤ ለማፍረሱ አቡ ሱፍያንና ሙጊራ ቢን ሹዕባ ተላኩ። እንግዲህ እዩት! በአፈጻጸሙ ላይ ርኅራኄ አለ፤ በመሠረቱ ላይ ግን የአንድ ወር እንኳ ቅናሽ የለም።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ ሸሃዳችን የሚጀምረው በ«አለ» ሳይሆን በ«የለም» በመሆኑ ነው። «ላ» ብለን መጀመሪያ እናስወግዳለን፣ ከዚያ «ኢለሏህ» ብለን እናጸናለን። አንድ ሰው የቀደመ እምነቱን እንደያዘ እስልምናን ሊጨምርበት አይችልም፤ የመጀመሪያዋ ፊደል አታስገባውምና። ይህ የእኛ ግትርነት ብቻ እንዳይመስለን። ያን ልጅ የሚያስቀድሱት ቄስ ቢጠየቁም ተመሳሳይ መልስ ይሰጣሉ ብዬ አምናለሁ። እነርሱ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ተሰቅሏል ይላሉ፣ እኛ አልተሰቀለም እንላለን። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ሁለቱንም እቀበላለሁ የሚል ሰው ሁለቱንም ከልቡ አላዳመጠም።

«ታዲያ ጃፓኖች እንዴት ቻሉት?» የሚል የተማረ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ በዚያ አገር ሕፃን ሲወለድ ወደ ሺንቶ ቤተ አምልኮ ይወሰዳል፣ ሲሞት በቡድሂዝም ሥርዓት ይሸኛል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ የሃይማኖት ድርጅቶቹ ያስመዘገቡት የተከታይ ቁጥር ሲደመር ከ180 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ የአገሩ ሕዝብ ግን 127 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር! ነገር ግን በዚያ ሃይማኖት በአብዛኛው የሚታየው እንደ ወግና ሥርዓት ነው። «ከዚህ በቀር የለም» የሚል ቃል ኪዳን ስለማይጠየቅበት አንዱ ሌላውን አይገፋውም። እኛ ግን ቃል ገብተናል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከደሴ አጠገብ በምትገኘው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው ሲያበቁ የወሎ ሙስሊም በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። እነ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር እምቢ ብለው ተነሡ፤ ብዙው ድሃ ግን የሚሄድበት አልነበረውም። ቀን ቤተ ክርስቲያን፣ ሌሊት ሰላት ሆነ። እነዚህን አባቶቻችንን «ሁለት ሃይማኖት የያዙ» የሚላቸው ካለ ተሳስቷል። የዐማር ቢን ያሲርን (ረ.ዐ.) ታሪክ ያስታውስ። እናቱ ሱመያ በስቃይ ተገድላ፣ እርሱም ሲሰቃይ በምላሱ የማያምንበትን ተናግሮ እያለቀሰ ነቢዩ ዘንድ ቀረበ። የተጠየቀው ልቡን እንዴት እንዳገኘው ነበር። ልቡ በእምነቱ የጸና ነበርና ነውር አልሆነበትም። የእኛም አያቶች የነበራቸው አንድ ሃይማኖትና አንድ ጭንቀት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከሞቱ በኋላ ግዳጁ ሲላላ ብዙዎቹ ወደ ግልጽ ሰላታቸው መመለሳቸው ይህንኑ ይመሰክራል።

የእኒያው የሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ ደግሞ በተቃራኒው ተከሰሰ። ከሙስሊሞች ጋር ስለተቀራረበና መስጊድ ስለገባ «ሃይማኖቱን ለወጠ» ተብሎ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረደ። በእርግጥ ሰልሞ ነበር ወይ በሚለው የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሙስሊሙን እንደ ዜጋ ማቅረብና እስልምናን መቀበል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያኔ የለየ ሰው አነስተኛ ነበር። ዛሬስ ለይተናል ወይ?

እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ራሳችን እናዙር። አያቴ (አላህ ይዘንላቸው) አምስት ወቅት ሰላት የማያጓድሉ ሴት ነበሩ። ሆኖም ከሳጥናቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ጨሌ ነበራቸው። ሲያማቸው ዛር ነው ይባልና እኔ ገብስማ ዶሮ ፍለጋ ገበያ እላክ ነበር። ዶሮው ገብስማ ካልሆነ መመለስ ነው! በልጅነቴ ሁለት ጊዜ ባዶ እጄን ተመልሼ ተቆጥተውኛል። ያ ደም የፈሰሰው ለማን ነበር? ለአላህ እንዳልነበር ግልጽ ነው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚገባውን ልጅ ሁለት ሃይማኖት ይዟል ብለን ስንወቅስ፣ ለአድባር ቅቤ የሚቀባውን፣ ለውቃቢ ቡና የሚያፈላውን ሙስሊም ምን ልንለው ነው? በእኔ አስተያየት በከተማችን ሁለት ሃይማኖት በአንድ ላይ የሚከተለው ሰው በብዛት የሚገኘው ከቅይጥ ቤተሰብ ሳይሆን ከዚህ ዓይነቱ ቤት ነው። የሚጠይቀው ስለሌለ ብቻ አይታወቅም።

ይህ ሲባል ግን ከዘመድ መቆራረጥ ማለት አይደለም። ሸሪዓችን ሙስሊም ወንድ የመጽሐፉን ባለቤቶች ሴት እንዲያገባ ፈቅዷል። እንዲህ ከሆነ ክርስቲያን እናት ያለው ሙስሊም ልጅ እንደሚኖር አስቀድሞ ታውቋል ማለት ነው። የአቡበከር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ.) ገና ጣዖት አምላኪ የነበረች እናቷ ልትጠይቃት መዲና በመጣች ጊዜ ነቢዩን ጠይቃ «ዝምድናሽን ቀጥዪ» ነው የተባለችው። የሰዕድ ቢን አቢ ወቃስ እናት ደግሞ ልጄ ሃይማኖቱን ካልተወ አልበላም አልጠጣም ብላ ተኛች። ሰዕድ አልተወም። የወረደው መመሪያም በሽርክ አትታዘዛቸው፣ በዚህ ዓለም ኑሮ ግን በመልካም ተወዳጃቸው የሚል ነው። ሁለቱ ትእዛዞች በአንድ ቦታ መምጣታቸውን ልብ ይሏል።

ለልጁ ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ አሁንም ዝም ብሎ ሲያየኝ የአንድ ዘመዳችንን ነገር አነሳሁለት። ሰውየው የአባቴ አጎት ነበሩ። ከእኛ ጋር ያፈጥራሉ፣ ከሚስታቸው ወገን ጋር ይገድፋሉ። ሁለት ስም ነበራቸው፤ ለሁለቱም «አቤት» ይላሉ። ሰው ሁሉ ይወዳቸው ነበር። አንድ ሌሊት በድንገት ሞቱ። ማለዳ የእኛ ሰዎች ከፈን ይዘው መጡ፣ በሌላ በኩል ካህናቱ ለፍትሐት መጡ። እኛ «ጀናዛ አይቆይም» እንላለን፣ እነርሱ «ዘመድ እስኪሰበሰብ» ይላሉ። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው የመጨረሻ ቃላቸውን የሰማ ካለ ጠየቁ። የሰሙት ሚስታቸው ብቻ ነበሩ። «ውሃ ስጪኝ ነው ያለኝ» አሉ።

ከብዙ ክርክር በኋላ ካህናቱ ጠብ እንዳይነሣ ብለው ተመለሱ፤ ሰውየው በአባታቸው መቃብር አጠገብ ተቀበሩ። ሰላተል ጀናዛውን የመራው አባቴ ነው። ያን ቀን ማታ ምግብ አልበላም። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሱ ሊሞት ሲል እንኳ «ያን ሰላት ለማን እንደሰገድኩ አላውቅም» ይለኝ ነበር። የሰውየው ሴት ልጅ ደግሞ ለአባቷ ዱዓ ታስደርግ ወይስ ተዝካር ታውጣ እስከ ዛሬ እንደተቸገረች አለች። ዘመዳችን በሕይወታቸው ማንንም ላለማስከፋት ሲሉ የተዉት ምርጫ ለሌሎች ወርዶ ቀረ።

ወጣቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ለእናቱ ሙስሊም መሆኑንና ከእንግዲህ ለቅዳሴ እንደማይሄድ እጃቸውን ስሞ ነግሯቸዋል። «ምን አሉህ?» አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው «ታዲያ እሁድ ምሳም ትቀራለህ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁት። እርሱም የሚመልሰው ጠፍቶበት ወደ እኔ መምጣቱ ነበር።

«ሂድ እንጂ! ምሳ ማን ከለከለህ?» አልኩት።

በሳምንቱ ጁሙዓ ከሰላት ስንወጣ እየሳቀ ያዘኝ። እሁድ እቤት ሲደርስ እናቱ ሁለት ዶሮ ገዝተው፣ ሁለት ድስት አጥበው ጠብቀውታል። አንዱን ለራሱ እንዲያርድ ቢላዋውን ሰጡት፤ የእርሳቸውን የጎረቤት ልጅ አረደላቸው።