ቀይ አፈርና የተማሪ እግር

በዘመናችን በሰውነት ላይ የሚደረግ ቴክኖሎጂ ሲባል ርምጃና የልብ ትርታ የሚቆጥረው የእጅ ሰዓት ይታሰባል። ለምሥራቅ ጎጃም አጥቢያዎች ግን ከእርሱ የሚቀድም አለ፤ እርሱም ጫማ ነው።

በተለምዶ ዝሆኔ፣ በሐኪሞች አጠራር ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር እብጠት ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዘመን በባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል። ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በቆዳ ገብቶ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣል። ትንኝ ከሚያስተላልፈው ዝሆኔ የተለየ ነው፤ ትል የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ቢታመም እርግማን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው አንዳንዱ ዘር በተፈጥሮው ለአፈሩ ተጋላጭ ነው። ይህን ከካህን አንደበት መስማት ለሕሙማኑም፣ ጋብቻ ለሚከለከሉት ልጆቻቸውም ትልቅ ዕረፍት ነው።

በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች 3.3 በመቶው መታመማቸውን አመልክቷል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በትምህርት ዕድሜ ነው። እግር ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ ኋላም በየጊዜው እየተቆጣ ከትኩሳት ጋር ያስተኛል። ተማሪው መጀመሪያ በሕመሙ፣ በኋላ በሐፍረቱ ከትምህርት ይቀራል። ቅኔ ሊቆጥር ዲማ ጊዮርጊስን ወደመሰሉ ጉባኤያት የሚጓዘው የአብነት ተማሪማ አፈሩን በየመንገዱ ይረግጠዋል፤ ለደበሎው የምናስበውን ያህል ለእግሩ አናስብም።

ለታመመው የሚደረገው ቀላል ነው፤ እግርን በየዕለቱ በሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በዞናችን 696 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ እንደሚያስረዳው ይህ እንክብካቤ የተደረገላቸው ሕሙማን በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ ያልተደረገላቸው 23.9 ጊዜ በቁጣው ተይዘዋል። ፈውስ አይባልም። ለገበሬ ግን በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ከመተኛት መዳን ቀላል አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ ማውለቃችን ሥርዓታችን ስለሆነ አይነካም። አደጋው ያለው ምንጣፍ በተነጠፈበት ወለል ላይ ሳይሆን ከቅጥሩ በር እስከ ደጁ ባለው አፈር ላይ ነው። ጫማ ከቅጥሩ በር የሚወልቅ ከሆነ መንገዱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍበት፤ በመውጫው ውኃና ሳሙና ይቀመጥ።

የብቸና ሜዳ ጥቁር ዋልካና የተዳፋቱ ቀይ አፈር እኩል አይደሉም። ከብቸና እስከ ሞጣ ያሉ የሰበካ ጉባኤያት ጫማ ሲያከፋፍሉ ቀይ አፈር ያለበትን ጎጥ፣ ከዚያም ሕመሙ የታየባቸውን ቤቶች ሕፃናት ያስቀድሙ። የልጅ እግር በዓመት ውስጥ ስለሚያድግ በጀቱ በየዓመቱ መያዝ አለበት።