አዲሱ የኪውጂአይኤስ ገጽታና የሞያሌ መንገድ
ነፃውን የካርታ ሶፍትዌር ኪውጂአይኤስን ከስሪት 2 ወደ 3 የቀየረ ነጋዴ መጀመሪያ የሚያጣው በግራ በኩል ተደርድረው የነበሩትን የፋይል ማስገቢያ ምልክቶች ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ስሪት 3 አንድ መስኮት ውስጥ ሰብስቧቸዋል፤ ኮንትሮልና ኤል አብረው ሲጫኑ ይከፈታል። በሲኤስቪ የተያዘ የገበያና የውሃ ቦታ ዝርዝር በ«ዲሊሚትድ ቴክስት» በኩል ይገባል። እዚያ ላይ ኤክስ ኬንትሮስ፣ ዋይ ኬክሮስ ነው። ሞያሌ ኬንትሮስ 39፣ ኬክሮስ 3.5 አካባቢ ናት፤ ቁጥሮቹ ከተገለባበጡ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ትገባለች። ይህስ ወዲያው ይታያል። ኪስ የሚጎዳው ርቀት ነው፦ መነሻና መድረሻ ብቻ ተነክቶ የተለካው ቀጥታ መስመር ነው፤ ከብት የጫነው መኪና ግን በጠመዝማዛው ነው የሚሄደው። የጭነት ዋጋ ከመቁረጥ በፊት መንገዱን በየመታጠፊያው ጠቅ እያደረጉ መለካት ይሻላል።