የግብር ሥዕል እንዴት ይነበባል

ልጆች ሆይ፥ ፊደል እንደሚነበብ ሁሉ ሥዕልም ይነበባል። ፊደል ሲነበብ ዐይን ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ በሥዕል ላይ ግን መንገዱን የሚያወጣው ሠዓሊው ነውና፥ ተመልካች ቸኵሎ ከማለፍ ይልቅ ቆም ብሎ መንገዱን መፈለግ ይገባዋል። ዛሬ የምናነበው ብዙ ሰው ተሰብስቦ የሚበላበትንና የሚጠጣበትን ትልቅ ሥዕል ነው። በአገራችን ይህ የግብር ሥዕል ይባላል። በአዲስ አበባ በባህል ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ ይሰቀላልና ከእናንተ አንዳንዱ አይቶት ይሆናል።

ግብር የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። ሕዝብ ለመንግሥት የሚከፍለው ግብር ይባላል፤ ንጉሥ ወይም መኰንን ለሠራዊቱና ለሕዝቡ የሚያበላው ታላቅ ማዕድም ግብር ይባላል። አንዱ ከሌላው የራቀ አይደለም፤ ባላገሩ በግብር ያገባው ማር በግብር ቀን ጠጅ ሆኖ ይቀርብ ነበርና።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በግቢያቸው ውስጥ ሰፊ የግብር አዳራሽ አሠሩ። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ይይዝ ነበር፤ አንዱ ወገን በልቶ ሲወጣ ሌላው ወገን ይገባል። ኋላም በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሠለጠኑ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች የዐድዋን ጦርነት፥ የንግሥተ ሳባን ታሪክና ግብርን በጨርቅ ላይ እየሣሉ ለአገር ሰውና ለውጭ አገር እንግዳ ይሸጡ ጀመር። ከታወቁት ሠዓሊዎች አንዱ በላቸው ይመር ነበሩ። ቀድሞ ቀለም ከአፈርና ከዕፅ ይዘጋጅ ነበር፤ በኋላ ግን ከባሕር ማዶ የመጣው የዘይት ቀለም ተለመደ። የዘይት ቀለም የሚለወሰው ብዙ ጊዜ በተልባ ዘይት ነው፤ እናቶቻችሁ በጾም ቀን የሚወቅጡት ያው ተልባ ማለት ነው። ቶሎ ስለማይደርቅ ሠዓሊው የሣለውን እያየ ለማረም ጊዜ ያገኛል።

አሁን ሥዕሉን እናንብብ። ዐይናችሁ አስቀድሞ ወደ ንጉሡ ይሄዳል፤ በክብር የሚበልጠው በመጠንም በልጦ ይሣላልና። ንጉሥ በሚበላበት ጊዜ ሰው እንዳያየው መጋረጃ ይጋረድ ነበር፤ ሠዓሊውም ንጉሡን የሚያሳየን መጋረጃው ከተገለጠ በኋላ ነው። ከንጉሡ ቀጥለው መሳፍንቱና መኳንንቱ፥ ከእነርሱም በታች ወታደሩ በየማዕርጉ በየመሶቡ ዙሪያ ተቀምጦአል። በአሮጌው የሥዕል ሥርዓት ደግ ሰው ሁለት ዐይኑ እየታየ፥ ክፉ ሰውና ጠላት ግን በአንድ ወገን፥ አንድ ዐይኑ ብቻ እየታየ ይሣላል። (በግብር ላይ ጠላት አይጋበዝምና እዚህ ላይ አንድ ዐይናውን በመፈለግ አትድከሙ።)

ከተቀመጡት መካከል የቆሙ አሉ። ሁለት ሰዎች ብርንዶውን በእንጨት ላይ አንጠልጥለው በትከሻቸው ይሸከማሉ፤ ተጋባዡ በቢላዋ እየቈረጠ ይበላል። ጠጅ አሳላፊው ብርሌ ይዞ በመሶቦቹ መካከል ይመላለሳል፤ አዝማሪው መሰንቆውን ይመታል። እኔ ሁልጊዜ ቆሜ የምመለከተው ሥጋ ተሸካሚዎቹን ነው። በዚያ ሁሉ ሥጋ መካከል ቆመው የማይበሉት እነርሱ ናቸውና።

በማዕድ ሥዕል ውስጥ ማን ይግባ፥ ማንስ ይቅር? ይህ ጥያቄ በኢጣልያ አገር፥ በቬኒስ ከተማ፥ አንድን ሠዓሊ ከዳኞች ፊት አቁሞታል። ስሙ ፓኦሎ ቬሮኔዜ ይባላል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1573 ዓ.ም. ለአንድ ገዳም የምግብ አዳራሽ የጌታን የመጨረሻ እራት በዘይት ቀለም ሣለ። ሥዕሉ ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ፥ ወርዱም ወደ 13 ሜትር ነው፤ ከብዙ ቤት ግድግዳ ይበልጣል። በዚያ ላይ አፍንጫው የሚደማ አሽከር፥ በቀቀን የያዘ ቀልደኛ፥ መሣሪያ የያዙ ወታደሮችም ነበሩበት። የሃይማኖት ዳኞች ጠርተው፥ እነዚህ በእንዲህ ያለ ቅዱስ ማዕድ ምን ሥራ አላቸው ብለው መረመሩት። እርሱም የቤቱ ጌታ ባለጠጋ ስለ ሆነ እንዲህ ያሉ አገልጋዮች ቢኖሩት የሚገባ መስሎት እንደ ሣላቸው መለሰ። ዳኞቹም ሥዕሉን በ3 ወር ውስጥ በራሱ ገንዘብ እንዲያርም አዘዙት። ሠዓሊው ግን አሽከሩን አልፋቀውም፤ የሥዕሉን ስም ለወጠ እንጂ። ከመጨረሻው እራት ፈንታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተጻፈው የሌዊ ግብዣ ነው አለው። ሌዊ ቀራጭ ነበር፤ በቤቱም ጌታ ከቀራጮችና ሰው ከሚንቃቸው ጋር በማዕድ ተቀምጦአል። አሽከሩ ዛሬም በቬኒስ ባለው የሥዕል ቤተ መዘክር፥ አፍንጫው እንደ ደማ ይታያል።

እንግዲህ ወደ እኛ ግብር እንመለስ። ሥጋ ተሸካሚው፥ አሳላፊውና አዝማሪው ገብተዋል። እንጀራውን የጋገረችው ግን ብዙ ጊዜ አትታይም። ወጥ የሠራችው፥ ጌሾ ወቅጣ ጠጁን የጣለችው፥ ውኃ የቀዳችውም አዳራሹ ውስጥ አልነበሩምና ሠዓሊው አልሣላቸውም። ያየሁትን ሣልሁ ቢል ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን ሺህ ሰው የሚበላው እንጀራ ያለ እሳት አልተጋገረም፥ እሳቱም ያለ እንጨት አልነደደም።

በጉለሌ፥ በቁስቋም ለምትኖሩት ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ከበላያችሁ ያለውን የእንጦጦን ተራራ የሸፈነው ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባ ነው፤ ጥንተ አገሩ አውስትራልያ ነው። ከተማዪቱ ማገዶ አጥታ ስትቸገር ይህ ዛፍ ደረሰላት። ቅጠሉንና ጭራሮውን ከተራራው እያወረዱ ለከተማው የሚሸጡ ሴቶች ከዚያ ወዲህ አልጠፉም። ዛሬ በብዙ ቤት ምጣዱ በኤሌክትሪክ ቢሠራም፥ ወገባቸውን አጐንብሰው ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው ይዘው ቍልቍለቱን ሲወርዱ ታገኙአቸዋላችሁ። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ስለሚረዝም መንገዱን ግራና ቀኝ ይይዛል፤ በጠባብ መንገድ ስትገናኙ እናንተ ዘወር በሉላቸው። ሸክም የያዘ ሰው ቶሎ መዞር አይችልም።

ለሥራ የሚሆን። ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ነው። በዚያ ቀን በሠፈራችሁ ወይም በቤታችሁ የሚደረገውን ድግስ በትልቅ ወረቀት ላይ ሣሉ። እንደ አሮጌዎቹ ሠዓሊዎች ከእያንዳንዱ ሰው ራስ በላይ ስሙን ጻፉ። ወረቀቱ እንዳይጠባችሁ ተጋባዦቹን ከመሣላችሁ በፊት ማድ ቤቱንና እስከ ማድ ቤቱ የሚያደርሰውን መንገድ ሣሉ።