ስልካችሁ መግሪብ ሲል የየትኛውን ከተማ መግሪብ ነው?



ይህን ጽሑፍ የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በመጣሁበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በረመዷን አንድ ምሽት ስድስት ሆነን ዶርም ውስጥ ኢፍጣር እየጠበቅን ነበር። ውጭ ከባድ ዝናብ ይጥላል። የመስጂዱ አዛን እንደማይሰማን ስላወቅን ስልኬን መሃል ላይ አስቀመጥኩት። አዛን ሲያሰማ ቴምር አነሳን፣ ውሃ ጠጣን፣ አንዱ ጓደኛችን ሳምቡሳ ማደል ጀመረ። ሳምቡሳው ሳያልቅ ዝናቡ ጋብ አለና ከመስጂዱ አቅጣጫ አዛን ተሰማ። «ሙአዚኑ ዛሬ ዘገየ» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ማንም አልመለሰልኝም። ሁሉም ስልኬን ነበር የሚያየው።

በማግስቱ ኡስታዛችን ዘንድ ሄደን የሆነውን ነገርናቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጠልቃለች ብሎ ያፈጠረ ሰው ቀዷ ማውጣት እንዳለበት የአብዛኞቹ ዑለማእ አቋም መሆኑን አስረዱንና ከረመዷን በኋላ አንዷን ቀን ጾምን። ስድስታችንም። ሳምቡሳ ያደለው ልጅ ግን ለሁለት ቀን ያህል አላናገረኝም፤ አልፈረድኩበትም።

ጥፋቱ የአፑ አልነበረም። ባትሪ ለመቆጠብ ብዬ ሎኬሽኑን ስላጠፋሁት ስልኬ አሁንም አዲስ አበባ ያለሁ ነበር የሚመስለው። አፑም የአዲስ አበባን መግሪብ በትክክል አስልቶ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ጅማ ተቀምጬ በአዲስ አበባ ፀሐይ አፈጠርኩ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ምድር 360 ዲግሪ የምትዞረው በ24 ሰዓት ስለሆነ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ 4 ደቂቃ ነው። አዲስ አበባ 38.7 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት፤ ጅማ 36.8 ላይ። ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ አይሞላም፣ በጊዜ ግን ወደ 8 ደቂቃ ይጠጋል። ለምሳሌ በመጋቢት መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ከ37 አካባቢ ስትጠልቅ ጅማ ላይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከ45 አካባቢ ነው። ሐረር 42.1 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ 13 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች። ጋምቤላ 34.6 ላይ ስለሆነች 16 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ሐረርና ጋምቤላ ሰዓታችን አንድ ነው፣ ፀሐያቸው ግን በግማሽ ሰዓት ይለያያል። ስለዚህ ስልኩ አዲስ አበባ ላይ የቀረ የሐረር ተማሪ አደጋው እንደኔ በመግሪብ ሳይሆን በሱብሒ ነው፤ ፈጅር ገብቶ 13 ደቂቃ ካለፈ በኋላም ሱሑር ሊበላ ይችላል።

ቪፒኤን የምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ የሶላት ጊዜ ድረ ገጾች ቦታችሁን የሚገምቱት በጂፒኤስ ሳይሆን በኢንተርኔት አድራሻችሁ ነው። ቪፒኤኑ ጀርመን ላይ ከተከፈተ የጀርመን ዙህር ይመጣላችኋል። ይሄኛው ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ወዲያው ይታወቃል። የሚሸውደው የስምንት ደቂቃው ነው።

ሁለት ስልክ፣ ሁለት ሱብሒ

ቦታው ከተስተካከለ በኋላም አንድ ዶርም ውስጥ ያሉ ሁለት ስልኮች በሱብሒ ሲለያዩ ታያላችሁ። ምክንያቱ ሴቲንግ ውስጥ «የስሌት ዘዴ» የሚለው ምርጫ ነው። ብዙዎቻችን ከፍተነው አናውቅም።

ፈጅር የሚገባው ፀሐይ ገና ከአድማስ በታች እያለች ነው። ኪታብ ላይ የተማርነው ምልክት ፈጅር ሷዲቅ፣ ማለትም በአድማስ ላይ ወደ ጎን የሚዘረጋው ብርሃን ነው። አፕ ሰማይን አያይም፤ ስለዚህ ያንን ብርሃን በቁጥር መተካት አለበት፤ ቁጥሩም ፀሐይ ከአድማስ ስንት ዲግሪ ዝቅ ያለች እንደሆነ የሚነግረው ማዕዘን ነው። የሙስሊም ወርልድ ሊግ ዘዴ 18 ዲግሪ ይላል። የግብፁ 19.5፣ የኡሙል ቁራ 18.5፣ የሰሜን አሜሪካው ኢስና 15 ይላሉ። እኛ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ፀሐይ ወደ ቀጥታ በሚጠጋ መንገድ ነው የምትወጣው፤ አንድ ዲግሪ ከአራት ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ አንዱ ስልክ በግብፁ፣ ሌላው በኢስና ቢሞላ በመካከላቸው ወደ 20 ደቂቃ ይደርሳል። አንዱ «ሱሑር አበቃ» ሲል ሌላው ገና ሻይ ያፈላል። ሁለቱም «ስልኬ ነገረኝ» ይላሉ።

የትኛው ማዕዘን ትክክል ነው ለሚለው ፍርድ የምህንድስና ተማሪ አትጠይቁ፤ የዑለማእና የሥነ ፈለክ ሰዎች ጉዳይ ነው። የምችለው ይህን ማለት ብቻ ነው፦ በአካባቢያችሁ መስጂድ የተለጠፈውን የጊዜ ሰሌዳ ፎቶ አንሱ፣ የአፑን ዘዴዎች እየቀያየራችሁ ለሦስት አራት ቀን አስተያዩ፣ የሚገጥመውን ምረጡና መላው ዶርም በእሱ ይሂድ። እኔ ለጥንቃቄ ሱሑሬን በቀዳሚው ሰዓት አቆማለሁ፣ ሱብሒን በኋለኛው እሰግዳለሁ። መስጂድ ያለ ሰው ግን ከጀመዓው ጋር ነው።

በዐስርም ተመሳሳይ ምርጫ አለ። በሻፊዒይ፣ በማሊኪይና በሐንበሊይ ዐስር የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ ከቀትሩ ጥላ በላይ በራሱ ቁመት ልክ ሲጨምር ነው። በሐነፊይ ዘንድ በሚታወቀው አቋም ደግሞ በቁመቱ እጥፍ ሲጨምር። በአገራችን በጊዜ ሲለካ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በአገራችን ሁለቱም ይቀራሉ፤ አፑ ግን ማንን እንደምትከተሉ ሳይጠይቅ አንዱን መርጦ ሊጀምር ይችላል። ከላብ ወጥታችሁ «ዐስር ገና ነው» ከማለታችሁ በፊት የትኛው እንደተመረጠ እዩ።

ይህን ሁሉ የኮምፒውተር ዘመን ጣጣ አድርገን እንዳናየው። ደማስቆ በሚገኘው የኡመውያ መስጂድ ኢብኑ ሻጢር የተባሉት ታላቅ የሥነ ፈለክ ሰው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሙወቂት፣ ማለትም የሶላት ጊዜ አስሊ ሆነው ሠርተዋል፤ ለመስጂዱም የፀሐይ ሰዓት ሠርተዋል። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስሌት ያንኑ ሥራ ነው የሚሠራው። ሙወቂቱ ግን የቆመበትን ከተማ ያውቅ ነበር።

ቂብላና የብረት አልጋ

ሁለተኛ ዓመት ላይ ደግሞ በቂብላ ተሸወድን። አዲስ ዶርም ገብተን የሶላት ጥግ ስናዘጋጅ ስልክ የብረት አልጋ ላይ አስቀምጠን ቀስቱን ተከተልን። ከሳምንታት በኋላ አንድ የሲቪል ተማሪ እንግዳ መጥቶ «ለምንድን ነው ወደ ምዕራብ የምትሰግዱት?» አለን። ያጋነነ መስሎን ነበር። ስልኩን ውጭ ሜዳ ላይ አውጥተን ስናየው ከ50 ዲግሪ በላይ ስተን ነበር።

ስልክ ውስጥ ያለው ኮምፓስ የምድርን መግነጢስ የሚለካ ትንሽ ሴንሰር ነው። በአገራችን ይህ መግነጢስ በጣም ደካማ ነው፤ 35 ማይክሮቴስላ አካባቢ። የብረት አልጋ፣ ላፕቶፕ፣ ስፒከር፣ ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን፣ ግድግዳ ውስጥ ያለ ፌሮ፣ ሁሉም ሊያሸንፉት ይችላሉ። የመግነጢስ ኃይሉን በቁጥር የሚያሳይ አፕ አለ፤ ከፍታችሁ ቁጥሩ 70 ወይም 80 ካለ ቀስቱን አትመኑት። ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሳላችሁ ማዞር ሴንሰሩን ያስተካክለዋል፣ አጠገቡ ያለውን አልጋ ግን አያጠፋውም።

ደግነቱ እኛ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀስቱን የምንፈትሽበት ቀላል እውቀት አለን። መካ 39.8 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆነች ከአገራችን አብዛኛው ክፍል ቂብላው ወደ ሰሜን ነው። ከደሴ ቀጥታ ሰሜን ማለት ይቻላል። ከአዲስ አበባ ከሰሜን 5 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ፣ ከጅማ 11 ወይም 12፣ ከባሕር ዳር 13 ያህል። ከሐረር ደግሞ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ። ፀሐይ ከምትወጣበት ጎን ቀኝ እጃችሁን ብትዘረጉ ፊታችሁ ወደ ሰሜን ነው፤ ስልኩ ከዚያ በጣም የተለየ ነገር ከነገራችሁ ስልኩን ጠርጥሩ። ከመካ ለራቀ ሰው አቅጣጫው ይበቃዋል የሚለው የብዙ ዑለማእ አቋም ስለሆነ በአምስት ዲግሪ ምክንያት ሶፍ ላይ መጨቃጨቅ አያስፈልግም። ሃምሳ ዲግሪ ግን ሌላ ነው።

ከኮምፓስ የሚሻለው የሳተላይት ካርታ ነው። ከሕንፃችሁ ወደ ካዕባ መስመር የሚያሰምሩ የቂብላ ካርታዎች አሉ። መስመሩ ከሕንፃው ግድግዳ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን አንድ ጊዜ ታያላችሁ፣ መግነጢስ አይነካውም፣ አለቀ።

አፑ ማወቅ ያለበት ምን ያህል ነው?

እስካሁን ያልኩትን ሰምቶ «እንግዲያው ሎኬሽኔን ሁሌም ልክፈተው» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። በኅዳር 2013 (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2020) ማዘርቦርድ የተባለው የቴክኖሎጂ ዘገባ ክፍል አንድ ነገር ይፋ አደረገ። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ያወረዱት ሙስሊም ፕሮ የተጠቃሚዎቹን ቦታ ኤክስ ሞድ ለተባለ የዳታ ነጋዴ ይልክ ነበር፤ ከነጋዴው ደንበኞች መካከል ደግሞ ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች ነበሩበት። የአፑ ባለቤቶች ለጦሩ በቀጥታ ሸጠናል መባሉን አስተባብለው ከኤክስ ሞድ ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ማቋረጣቸውን ገለጹ። አፕልና ጎግልም የኤክስ ሞድ ኮድ ከአፖች እንዲወጣ አዘዙ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያም የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ድርጅቱ፣ በአዲስ ስሙ አውትሎጂክ፣ ጥንቃቄ የሚሹ የቦታ መረጃዎችን እንዳይሸጥ ከለከለው። የትኛው መስጂድ በምን ሰዓት እንደገባችሁ ከዚህ ዓይነት መረጃ ውስጥ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። 1 ዲግሪ ኬንትሮስ እዚህ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ነው፣ በጊዜ 4 ደቂቃ። ስለዚህ 1 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ብትሄዱ የሶላት ጊዜ የሚለወጠው በሁለት ሰከንድ ያህል ነው። አፑ ከተማችሁን ካወቀ ሥራውን ይሠራል፤ ዶርማችሁን ማወቅ አያስፈልገውም። የከተማውን ስም በእጅ ጻፉለት። ይህን የማይቀበል አፕ ከሆነ በአንድሮይድም በአይፎንም «ግምታዊ ሎኬሽን» የሚል ምርጫ አለ፤ «አፑን ስጠቀም ብቻ» ከሚለው ጋር ያዙት። ብቻ ከተማ ስትቀይሩ ስሙንም ቀይሩ። ለዕረፍት ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ፣ ለአፓረንትሽፕ ስትወጡ፣ ሻንጣ ከማሰራችሁ ጋር አብራችሁ ቀይሩት። እኔ ያኔ ይህቺን ብቻ አድርጌ ቢሆን ስድስት ሰው ቀዷ ባላወጣ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ቀጠሮ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግንቦት 19 ወይም 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18፣ ደግሞም ሐምሌ 8 ወይም 9 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ላይ፣ ፀሐይ በትክክል ከካዕባ አናት በላይ ትሆናለች። የመካ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ ማባዛትም መቀነስም የለበትም። በዚያች ደቂቃ ፀሐይ ያለችበት አቅጣጫ ቂብላ ነው፤ ጥላው የሚወድቀው በተቃራኒው ነው። የሐምሌው በክረምት ደመና ስለሚያመልጠን በግንቦቱ እንሞክረዋለን። ለእኛ ፀሐይ ያኔ አናታችን አጠገብ ስለሆነች አንድ ሜትር ቁመት ያለው ነገር ጥላው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ዘንግ ትንሽ ከዘመመ ያሳስታል። ስለዚህ ክር ላይ ድንጋይ አስረን እናንጠለጥላለን። ጥላውም በየደቂቃው አንድ ዲግሪ ገደማ ስለሚዞር የስልካችሁን ሰዓት ከኔትወርክ ጋር አስተካክላችሁ ኑ። ቀኑ ደመና ከሆነ በማግስቱ እንደግመዋለን፤ ለእኛ የአንድ ሁለት ቀን ልዩነት ከአንድ ዲግሪ አይበልጥም። ግንቦት 20፣ 6 ሰዓት ላይ፣ ኳስ ሜዳው አጠገብ። ክርና ድንጋይ እኔ ይዣለሁ፣ ኖራ የሚያመጣ ሰው እንፈልጋለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።