ውሻዎ በጠና ታሟል፤ ከደሎ መና ይዘውት ይውጡ ወይስ ይቅሩ?

ደሎ መና ውስጥ ውሻ በጠና ሲታመም ባለቤቱን ሁለት ጥያቄ ያስጨንቀዋል። አንደኛው «ወደ ጎባ ወይም ወደ ሮቤ ልውሰደው ወይ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ለለቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለቡና ሽያጭ ወይም ለፈተና ቀን ቆርጦ የነበረ ሰው ጥያቄ ነው፦ «እንዲህ ሆኖ ጥዬው ልሂድ ወይ?» ብዙ ሰው «ለውሻ ብሎ መንገድ ቀረ» እንዳይባል ፈርቶ ጥያቄውን በሆዱ ይይዘዋል። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ዓመታት ደጅ የጠበቀ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መንገድ ድረስ ወጥቶ የሚቀበል እንስሳ ሲታመም መጨነቅ የደግ ሰው ጠባይ ነው። ነገር ግን ጭንቀት ብቻውን ጥሩ መካሪ አይደለም፤ በቅደም ተከተል መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ፦ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል?

ይህ ከሁሉም ይቅደም። መልሱ «ሊሆን ይችላል» ከሆነ ውሻውን ይዞ መጓዝ የሚባል ነገር አይታሰብም።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከጠባይ ለውጥ ይጀምራል። ተጫዋች የነበረው ይደበቃል፤ ሰው የማይቀርበው ሰው ላይ ይለጠፋል። ያለ ምክንያት ይናከሳል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ውሃ ፊቱ ቀርቦለት መዋጥ ያቅተዋል፤ ቆይቶም የኋላ እግሮቹ ይከዱታል። ሁሉም ግን እየሮጠ አይናከስም። የታችኛው መንጋጋው ተንጠልጥሎ፣ ጥግ ይዞ፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥም አለ። ሰው የሚሳሳተው በዚህኛው ነው። አፉ አልገጥም ሲል «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ይባልና የቤቱ ሰው እጁን ጉሮሮው ውስጥ ይከታል። እባክዎ ይህን አያድርጉ። ቫይረሱ ያለው ምራቁ ውስጥ ነው፤ ጣት ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ትበቃዋለች።

ከጠረጠሩ ውሻውን በር ባለው ክፍል ዘግተው ያቆዩት። ምግቡንና ውሃውን በረጅም እንጨት እየገፉ ያቅርቡለት፤ ልጆች እንዳይጠጉ ያድርጉ። ከዚያ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችና ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ያሳውቁ። ሰው ነክሶ ወይም ለሃጩ ቁስል ነክቶ ከሆነ ቦታው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሰውየውም በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይድረስ። ክትባቱ በአቅራቢያ ከሌለ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ውስጥ መኖሩን በስልክ አጣርቶ መንገድ መግባት ያለበት የተነከሰው ሰው ነው። በሽታው ሰው ላይ ምልክት ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ በጊዜው የተጀመረ ክትባት ግን ሕይወት ያተርፋል። ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ክትባቱን ካስጀመረ በኋላ ይሂድ። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ ከ100 ሰዎች 99ኙ ቫይረሱ የሚደርሳቸው ከውሻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ነክሷል ተብሎ የተከሰሰን ጤነኛ የሚመስል ውሻ ወዲያው መግደል ጉዳት አለው። ታስሮ ለ10 ቀን ሲጠበቅ ምንም ካልሆነ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። ለተነከሰው ቤተሰብ ይህ ትልቅ ዕፎይታ ነው። የተነከሰው ሰው ግን 10ኛውን ቀን እየጠበቀ ክትባቱን አያዘግይ፤ በእነዚህ ቀናት ውስጥም ውሻው ከግቢ አይውጣ።

ቀጥሎ፦ ምን ያህል እንደታመመ ይመርምሩ

ውሻው በእርስዎ እጅ የሚነካና የእብድ ውሻ በሽታ የማያስጠረጥር ከሆነ፣ ለሐኪም ከመደወልዎ በፊት የሚከተሉትን አይተው በወረቀት ይጻፉ። ከንፈሩን ገልጠው ድዱን ይመልከቱ። የጤነኛ ውሻ ድድ ሮዝ ነው፤ በጣትዎ ተጭነው ሲለቁት የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ድዱ እንደ ወረቀት ነጥቶ ከሆነ ደም አንሶታል ወይም ደሙ በሚገባ እየተዘዋወረ አይደለም። በትከሻዎቹ መካከል ያለውን ቆዳ ቆንጥጠው ወደ ላይ ስበው ይልቀቁት፤ ቶሎ ካልተመለሰ ውሃ አጥሮታል። ሙቀቱ በፊንጢጣ ሲለካ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ቢሆን ደህና ነው። ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ ከተነፈሰ ሳንባውን ወይም ልቡን ይጠርጥሩ።

ሽንቱንም አይርሱ። ደሎ መና ቆላማ ነው፤ መዥገር አይጠፋም። ሽንቱ የሻይ ወይም የደም ቀለም ካለው፣ ድዱም ከነጣ፣ መዥገር የሚያስተላልፈው የደም በሽታ ሊሆን ይችላል። ቡችላ ሆኖ ደም የቀላቀለ፣ ክፉ ሽታ ያለው ተቅማጥና ማስመለስ ከመጣበት ፓርቮ የተባለውን በሽታ ያስቡ። ዓይኑና አፍንጫው መግል ካዘለ፣ ካሳለ፣ ቆይቶም ጡንቻው መንዘፍዘፍ ከጀመረ ዲስተምፐር የተባለውን በሽታ ያስቡ። መጨረሻው ላይ ዲስተምፐር ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ጥንቃቄው አንድ ነው።

ቤት ውስጥ ያለ የሰው መድኃኒት አይስጡት። ፓራሲታሞል፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ውሻን ይመርዛሉ። ካላስመለሰው ከፋርማሲ የተገዛ ኦአርኤስ በንጹሕ ውሃ በጥብጠው፣ መርፌው በወጣ ሲሪንጅ ከጉንጩ በኩል ጥቂት ጥቂት እያሉ ያጠጡት። የተኛና አንገቱን ቀና ማድረግ ያቃተው ውሻ ግን ምንም በአፉ አይስጡት፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

ሦስተኛ፦ ከመንቀሳቀስዎ በፊት ይደውሉ

በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ያለው የእንስሳት ክሊኒክ የተደራጀው ለከብት፣ ለፍየል፣ ለግመልና ለጋማ ከብት ነው። ሐኪሙ ጎበዝ ሆኖ ሳለ ለውሻ የሚሆን ቀጭን መርፌ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የደሎ መናውን ባለሙያ እቤት ይጥሩ፤ ከዚያ ጎባ ወይም ሮቤ ደውለው «ውሻ ታክማላችሁ? ለውሻ ግሉኮስ መስቀል ትችላላችሁ? ዛሬ ሐኪሙ አለ ወይስ መስክ ወጥቷል?» ብለው ይጠይቁ። የጻፉትን ያንብቡላቸው፤ አጭር ቪዲዮ በቴሌግራም ይላኩላቸው። ብዙ ጊዜ «ለጊዜው ይህን መርፌ እዚያው ይወጋ» የሚል መልስ ይመጣና ጉዞው ራሱ ይቀራል።

ሮቤም ላይ የማይሆን ነገር ከሆነ የሚቀጥለው ቢሾፍቱ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው እዚያ ነው። ከሮቤ በዶዶላና በአሰላ አድርጎ ወደ አዳማ የሚወጣ መኪና አዲስ አበባ ሳይገባ ቢሾፍቱን ያገኛል። ይሁንና ከደሎ መና ሲነሱ ሁለት ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው። ይህን መንገድ የምመክረው ስብራት፣ ዕጢ ወይም ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ፣ ነገር ግን ሁለት ቀን መጠበቅ የሚችል ሕመም ሲሆን ብቻ ነው። በፓርቮ ለሚሰቃይ ቡችላ እዚሁ የሚሰጠው ፈሳሽ ይሻለዋል።

አራተኛ፦ ሳነቴን ይቋቋማል ወይ?

የሌላ አገር ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ የደሎ መና ሰው ግን ግድ ይለዋል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወደ ጎባ የሚወስደው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ በሐረና ደን ገብቶ፣ ሪራን አልፎ፣ የሳነቴ አምባ ላይ ሲወጣ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ከመንገዱ አጠገብ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ውሻው ከሙቀት ወደ ብርድ ይሻገራል፤ የሚስበው ኦክስጅንም ደሎ መና ላይ ከለመደው ከአንድ አራተኛ በላይ ይቀንስበታል። ጤነኛ ውሻ ይችለዋል። ድዱ የነጣ፣ ሳንባው የተያዘ ወይም በደቂቃ ከ40 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ ውሻ ግን አምባው ላይ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለውን ውሻ መጀመሪያ እዚሁ ያረጋጉት፤ መሄድ ካለበትም ሐኪሙ አይቶ ይፍቀድ።

መሄድ ከተወሰነ ንጋት ላይ ተነስተው ሳነቴን ጸሐይ ሳለ ይሻገሩ። ሌሊት አምባው ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጉሙም ለሾፌር ክፉ ነው። ብርድ ልብስ፣ ውሃና አሮጌ አንሶላ ይያዙ።

አሁን በጣም የምለምንዎ ነገር አለ፦ ሳነቴ ላይ ውሻውን ከመኪና አያውርዱ። ለሽንትም ቢሆን አያውርዱት። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ ከ500 ያነሰ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚኖረው ባሌ ተራሮች ላይ ነው። ቀበሮዎቹን በየጊዜው የሚፈጃቸው ከውሻ የሚመጣ በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ገባባቸው፤ ዲስተምፐር ደግሞ በ2006፣ በ2010 እና በ2015 እ.ኤ.አ.። አንድ የታመመ ውሻ አስመልሶ ወይም ሸንቶ ያለፈበትን ሣር ቀበሮ ያሸታል። ትውከቱንና ያደፈውን አንሶላ በፌስታል ቋጥረው ጎባ ድረስ ይዘውት ይሂዱ፤ በመስኮት አይጣሉት። ማናፈስ ካስፈለገ አምባው ላይ ከመውጣትዎ በፊት ሪራ አካባቢ፣ ከሌሎች ውሾች ርቀው፣ በገመድ ይዘው ያድርጉት።

አምስተኛ፦ በምን ይሂድ?

አቅም ካለ ከሌላ የቤት እንስሳ ባለቤት ወይም ዕቃ ከሚያወርድ ነጋዴ ጋር ተካፍለው መኪና ኮንትራት ይያዙ። በሕዝብ መኪና ከሆነ ሾፌሩንም ተሳፋሪውንም አስቀድመው ይጠይቁ። አብዛኛው የአካባቢው ሰው ሙስሊም ነው፤ የውሻ ለሃጭ ልብሱን ከነካው ሳያጥብ መስገድ ለብዙዎች አይሆንላቸውም። ይህን አክብሮ ውሻውን በካርቶን ወይም በሣጥን አድርጎ፣ ከኋላ ወንበር እግር ሥር ማስቀመጥ ይገባል። ፖርቶመጋላ ላይ ማሰር ወይም አይሱዙ ላይ ከጆንያ ጋር መወርወር የታመመን እንስሳ ይገድላል። አፉን በጨርቅ ማሰር ካስፈለገ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሁን፤ የሚያስመልሰውን ወይም መተንፈስ የከበደውን ፈጽሞ አይሰሩት።

የራስዎ ጉዞ ሲሆንስ?

ለቅሶ ከሆነ ይሂዱ። ሰው ያለቀሰበት ቀን አይደገምም፤ ውሻውን የሚያውቀውና የሚያምነው ጎረቤት ካለ በቂ ነው። ፈተናም እንዲሁ ነው። ሊገፋ የሚችል ጉዳይ ከሆነ ግን ሦስት ወይም አራት ቀን ይግፉት። ፓርቮን በመሳሰሉ በሽታዎች የሚሞተውና የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው በእነዚህ ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢሄዱ ልብዎም ያርፋል።

ሲሄዱ አደራውን ለልጅ አይስጡ። ለአዋቂው በወረቀት ይጻፉለት፦ የመድኃኒቱ ስም፣ ሰዓቱ፣ መጠኑ፣ የሐኪሙ ስልክ። ገንዘብ ይተዉለት፤ እስከ ስንት ሊያወጣ እንደሚችልም ይንገሩት። ከሁሉ የሚከብደውን ነገርም አስቀድመው ይነጋገሩበት፤ ሐኪሙ «አይድንም፣ እየተሰቃየ ነው» ካለ፣ በመርፌ እንዲያርፍ ይፈቅዳሉ ወይስ አይፈቅዱም? ይህን ለጎረቤትዎ ሳይነግሩ መሄድ እሱን መበደል ነው። እኔ በበኩሌ መብላት፣ መቆምና ሰው ማወቅ ላቆመ ውሻ መርፌውን እመርጣለሁ፤ ሳነቴን አሻግሮ ሌላ ቦታ እንዲሞት ከማድረግም እቤቱ፣ የሚያውቀው ድምፅ እየሰማ ቢያርፍ ይሻላል እላለሁ።

ከሞተ ሬሳውን ሜዳ ወይም ወንዝ ዳር አይጣሉ። ጅብና ሌሎች ውሾች ይበሉታል። ከአንድ ሜትር በላይ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ይጫኑበት። በእብድ ውሻ በሽታ ተጠርጥሮ የሞተ ከሆነ ከመቅበርዎ በፊት ለወረዳው ያሳውቁ፤ ሬሳውን በባዶ እጅ አይንኩት።

ውሻዎ ዛሬ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ጭንቀት ማስቀረት በእጅዎ ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይጀምራል፤ በየዓመቱም ይደገማል። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሌ ውስጥ የሚሠራው የኢትዮጵያ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ያሉ ውሾችን ይከትባል፤ ወረዳውም ክትባት ሲያገኝ ቀን ያስነግራል። ቀኑን ሲሰሙ ውሻዎን በገመድ ይዘው ይምጡ፤ ጎረቤትዎንም ይቀስቅሱ።