ሕመምተኛው ሊያውቀው የሚገባ መድኃኒት

በአገራችን አንድ ሰው ጽኑ ሕመም እንደያዘው በምርመራ ሲታወቅ፣ ነገሩን ቀድሞ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ አስታማሚው ነው። ሕመምተኛው ተስፋ እንዳይቆርጥ በማሰብ «ትንሽ ቁስለት ነው» ይባላል። ልማዱ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ለሳንባ ካንሰር ከሚሰጡት አዳዲስ ሕክምናዎች አንዱ የሆነው ኢሚዩኖቴራፒ ከዚህ ልማድ ጋር አይጣጣምም። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱን እንመለከታለን፤ ምሳሌ የምናደርገውም ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋ ለሕክምና የሚነሣውን ሰው ነው።

ሕክምናው እንዴት ይሠራል?

ከነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ቲ-ሕዋሳት የሚባሉት በቫይረስ የተያዙና የተበላሹ ሕዋሳትን እየለዩ ያጠፋሉ። ይሁን እንጂ ገደብ ካልተበጀላቸው ጤነኛውን አካል ጭምር ያጠቃሉ። የጣርማ በርን ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ያለ ፍሬን ገደል እንደሚገባ ሁሉ፣ ቲ-ሕዋስም ፍሬን ያስፈልገዋል። ከፍሬኖቹ አንዱ በገጹ ላይ የሚገኘው ፒዲ-1 የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ፒዲ-ኤል1 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ሲነካው ቲ-ሕዋሱ ይገታል። ብዙ የካንሰር ሕዋሳት ፒዲ-ኤል1ን በገጻቸው ላይ በማብዛት ይህን ፍሬን ይረግጡና ከጥቃት ያመልጣሉ።

ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቻቸው ፒዲ-1ን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ሲቲኤልኤ-4 የተባለውን ሌላ ፍሬን ካጠኑት ከአሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ጋር ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ የተባሉት መድኃኒቶች በደም ሥር ይሰጣሉ፤ ፒዲ-1ን በመሸፈንም ፍሬኑ እንዳይረገጥ ያደርጋሉ። ካንሰሩን የሚያጠፋው እንግዲህ የሕመምተኛው የራሱ ቲ-ሕዋስ ነው።

የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውና ቢያንስ ግማሽ ያህሉ የካንሰር ሕዋሳቸው ፒዲ-ኤል1 የተገኘበት ሕሙማን በተካተቱበት አንድ ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ፔምብሮሊዙማብ ከጀመሩት ከ100 ሰዎች 32 ያህሉ፣ ኬሞቴራፒ ከጀመሩት ደግሞ 16 ያህሉ ነበሩ። ሕክምናው ግን ለሁሉም አይሠራም። ለምሳሌ ኢጂኤፍአር በተባለው ዘረመል ላይ ለውጥ የተገኘበት ካንሰር በሚዋጥ ኪኒን የተሻለ ይታከማል። ስለዚህ ከዕጢው የተወሰደው ናሙና አስቀድሞ መመርመር አለበት። ዋጋውም በአሜሪካ በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ፔምብሮሊዙማብን ለሳንባ ካንሰርም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ማስገባቱ ለታዳጊ አገሮች መንገድ ሊከፍት ይችላል።

ፍሬኑ ሲለቀቅ

ፍሬኑ የተለቀቀለት ቲ-ሕዋስ አንዳንድ ጊዜ ሳንባን፣ አንጀትን፣ ጉበትን ወይም የታይሮይድ ዕጢን ያጠቃል። ይህ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ መድኃኒቱ ከቆመም በኋላ እንኳ ሊከሠት ይችላል። አንድ ሕመምተኛ አዲስ አበባ ታክሞ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ ተመለሰ እንበል። ከሦስት ወር በኋላ ደረቅ ሳል ይዞት ትንፋሽ ቢያጥረው «ብርድ ነው» ይባላል፤ ቢያስቀምጠው ደግሞ «አሜባ ነው»። በቅርቡ ባለ ጤና ተቋም የሚያገኘው ባለሙያም ስለ መድኃኒቱ ካልተነገረው የሳንባ ምች ወይም የተቅማጥ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። መንስኤው ኢሚዩኖቴራፒው ከሆነ ግን መፍትሔው መድኃኒቱን ማቋረጥና በሐኪም ትእዛዝ ስቴሮይድ መስጠት ነው። መዘግየቱ ሕይወት ያሳጣል። «ቁስለት ነው» የተባለ ሰው ታዲያ የማያውቀውን እንዴት ይናገራል?

ምን እንጠይቅ?

ስለዚህ ለራስ ጤና ጠበቃ መሆን የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ሕመምተኛው የሚከተሉትን ቢጠይቅ መብቱ ነው፦ የካንሰሩ ዓይነትና ደረጃ ምንድን ነው? ናሙናው ለፒዲ-ኤል1ና ለዘረመል ለውጥ ተመርምሯል? የምወስደው መድኃኒት ስሙ ማን ይባላል? ምን ምልክት ሲታየኝ ወደ ማን ልደውል? የመድኃኒቱን ስም፣ የተሰጠበትን ቀንና የሐኪሙን ስልክ የያዘ ወረቀት ከእጁ ሊለይ አይገባም፤ በየትኛውም ጤና ጣቢያ በቅድሚያ ማሳየት ያለበትም እርሱን ነው።

እውነቱን መንገር ማለት ሁሉንም በአንድ ጊዜ መዘርገፍ ማለት አይደለም። «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅና ቤተሰብ ባለበት ቀስ በቀስ ማስረዳት ይቻላል። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ2015 ሜላኖማ የተባለው ካንሰር ወደ አንጎላቸው መሰራጨቱን በ90 ዓመታቸው ራሳቸው በይፋ ተናገሩ፤ ከጨረር ሕክምና ጋር ፔምብሮሊዙማብ ወስደው እስከ 100 ዓመታቸው ኖረዋል።

ከገጠር የመጣ ወላጅ ሐኪም ቤት ሲገባ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ የሚያነበው ብዙ ጊዜ ተማሪ ልጁ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ያነበባችሁትን ለባለቤቱ ማስረዳት የእናንተ ድርሻ ነው።