የሞተር ልብ፤ ያረጀ የውሃ ፓምፕ እንዴት ይለወጣል?

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በወገራ በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚያየው ነገር አለ። ዳገቱ ላይ፥ ከመንገዱ ዳር፥ የፊት ክዳኑን ከፍቶ እንፋሎት የሚተፋ መኪና ቆሟል። ሾፌሩ ጀሪካን ይዞ ምንጭ ሲፈልግ፥ ተሳፋሪው በጋቢው ተሸፍኖ ይጠብቃል። «ምን ሆነ?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ አንድ ነው፤ «ሞተሩ ፈላ» ይባላል። ለምን እንደ ፈላ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱን፥ ማለት ያረጀ የውሃ ፓምፕን፥ ማወቅና መለወጥ እንዴት እንደሚቻል ለተማሪ ጓደኞቼ በአጭሩ ማስረዳት ነው።

«ይህ የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ፥ የዚህ ከተማ ከፍተኛ ትምህርት ተማሪውን ወደ ገጠር እየላከ የሚያሠለጥን ነው። ከመካከላችን ጤና መኮንን፥ አስተማሪ፥ የእርሻ ባለሙያ ወይም መሐንዲስ ሆኖ ወደ ወረዳ የሚሄደው ጥቂት አይደለም። እዚያ ያለው መኪና ምናልባት አንድ ነው። ያ መኪና ሲቆም ክትባቱ ይቆማል፤ ምጥ የጠናባት እናትም ከደባርቅ ጎንደር ድረስ ያለውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የምታልፍበት ታጣለች። ስለዚህ ነገሩ ያገባናል።

1ኛ፤ የፓምፑ ሥራ

ቤንዚን ወይም ናፍጣ በሞተር ውስጥ ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት መኪናውን ለመግፋት የሚውለው ሲሶው ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ሌላው ሲሶ ያህል በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የቀረው ሲሶ ደግሞ በሞተሩ ብረት ውስጥ ገብቶ በውሃ መወሰድ አለበት። የውሃው ፓምፕ ይህን ውሃ ከራዲያተር ስቦ በሲሊንደሮቹ ዙሪያና በቴስታታው ውስጥ ያዞረዋል፤ ሙቁም ውሃ ወደ ራዲያተር ተመልሶ በነፋስ ይቀዘቅዛል። በሰው ሰውነት ብንመስለው፥ ፓምፑ ልብ ነው፤ ውሃው ደም ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ ክንፍ ያለው መዘውር አለ፤ በሌላው ጫፍ ቺንጋ የሚያዞረው ፑሌጃ አለ። ዘንጉ በኩሽኔታ ላይ ይሽከረከራል። በውሃውና በኩሽኔታው መካከል ደግሞ ውሃ የሚከለክል ማኅተም አለ፤ ይህም በምንጭ ተገፍቶ ፊት ለፊት የሚፋተግ ለስላሳ ቀለበት ነው። የፓምፑ ሕይወት በዚህ ቀለበት ላይ የቆመ ነው።

ቮልስዋገን፥ ያ አሮጌው «ቮልስ»፥ እንዲሁም በከተማችን ያለው ባጃጅ በአየር የሚቀዘቅዙ ስለ ሆኑ ይህ ፓምፕ የላቸውም። ላንድ ሮቨር፥ ላንድ ክሩዘር፥ ሚኒባስና ኢሱዙ ግን ሁሉም አላቸው።

2ኛ፤ ደጋው ለምን ይፈታተናል?

በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፥ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በአየር ግፊት ይወሰናል። በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ፥ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ጎንደር 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነችው ደባርቅ ደግሞ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ። የብዙ ሞተር የሥራ ሙቀት ደግሞ 85 ዲግሪ ያህል ነው። የቀረው ልዩነት አምስት ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው።

ይህን ያወቁ መሐንዲሶች የራዲያተሩን ክዳን ግፊት እንዲይዝ አድርገው ሠሩት። ክዳኑ 0.9 ባር ተጨማሪ ግፊት ቢይዝ፥ በደባርቅ ውሃው እስከ 113 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። እንግዲህ ክዳኑ ከላላ፥ ወይም የፓምፑ ማኅተም ማፍሰስ ከጀመረ፥ ግፊቱ ይጠፋል፤ ያ ሁሉ መጠባበቂያ አብሮ ይሄዳል።

አሁን አንድ ስሌት እንሥራ። በዳገት ላይ በሰዓት 10 ሊትር ቤንዚን የሚያቃጥል መኪና ለውሃው በያንዳንዱ ሰከንድ 30 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። በሞተሩ ውስጥ 10 ሊትር ውሃና 150 ኪሎ ብረት አለ ብንል፥ ሁለቱን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 110 ኪሎ ጁል ገደማ ይበቃል። ፓምፑ ቢቆምና ሙቀቱ የሚወጣበት ቢያጣ፥ በየአራት ሰከንዱ አንድ ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ከ85 ዲግሪ እስከ 113 ለመድረስ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ ግፊቱ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ 90 ለመድረስ 20 ሰከንድ ይበቃል። ሾፌሩ የሙቀት መለኪያውን ሳያይ አንድ ወሬ አውርቶ እስኪጨርስ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል ማለት ነው። የተጣመመ ቴስታታ ማስተካከል ደግሞ ፓምፕ ከመለወጥ እጅግ የሚበልጥ ወጪ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ የዚህ ሁሉ መፈተኛ ነው። ከዛሪማ ቆላ ወደ ደባርቅ የሚወጣ የተጫነ መኪና ሞተሩ በሙሉ ኀይሉ ይሠራል፤ ፍጥነቱ ግን ትንሽ ስለ ሆነ ወደ ራዲያተሩ የሚገባው ነፋስ ጥቂት ነው። ፓምፑ የሚዞረው ከሞተሩ ጋራ ስለ ሆነ፥ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ሾፌር ውሃውን ያዘገየዋል። ዝቅ ባለ ማርሽ መውጣት የሚመከረው ለዚህም ጭምር ነው።

3ኛ፤ የማርጀት ምልክቶች

ሀ) ከፓምፑ አካል በታች አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ማኅተሙ ሲያልቅ ውሃ የሚንጠባጠበው ከዚህች ቀዳዳ ነው። ዝገት ወይም ነጭ የደረቀ ዱካ ከታየባት፥ ፓምፑ ጊዜው ደርሷል። ቀዳዳዪቱን በእንጨት ወይም በማጣበቂያ መድፈን ታላቅ ስሕተት ነው፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ኩሽኔታው ገብቶ ቅባቱን አጥቦ ያጠፋዋል።

ለ) ሞተሩ ቆሞ ሳለ ቬንትሌተሩን ወይም ፑሌጃውን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ፤ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል። ሞተሩ ሲሠራም እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል።

ሐ) ውሃው እየጎደለ መሬት ላይ ግን ብዙ ካልታየ፥ ወይም መለኪያው በዳገት ቶሎ ቶሎ ከወጣ፥ መመርመር ይገባል።

ነገር ግን የፈላ ሞተር ሁሉ የፓምፕ በሽተኛ አይደለም። የላላ ቺንጋ፥ በገለባና በጭቃ የተደፈነ ራዲያተር፥ ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታትም ያፈላሉ። ሞተሩ ግሎ የላይኛው ቱቦ ከቀዘቀዘ፥ መጀመሪያ ቴርሞስታቱን ጠርጥሩ። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ወይም በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ያለ ማቋረጥ ከተነሣ፥ ጥፋቱ በቴስታታው ጋስኬት ሊሆን ይችላል። ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት እንደማያዝ፥ መካኒክም እንዲሁ ነው።

4ኛ፤ አለዋወጡ

እዚህ የምንናገረው ፓምፑ ከሞተሩ ፊት ሆኖ በቬንትሌተሩ ቺንጋ ስለሚዞርባቸው መኪናዎች ነው። በአንዳንድ ሞተር ፓምፑን የሚያዞረው የቫልቮቹን ጊዜ የሚጠብቀው የውስጥ ቺንጋ ነው፤ ያን ያለ መመሪያ መጽሐፍ መንካት አይገባም።

1. ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። የጋለ ራዲያተር ክዳን ቢከፈት በግፊት የታመቀው ውሃ ፊትንና ዓይንን ያቃጥላል። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ጎማው በድንጋይ ይታገድ፤ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታ።

2. የራዲያተሩን የታች መክፈቻ ፈትቶ ውሃውን በሳፋ መቀበል። ኩላንት ካለበት መሬት ላይ አይደፋ፤ ጣፋጭ መርዝ ስለ ሆነ ውሻም ሕፃንም ሊጠጣው ይችላል።

3. ቺንጋው ሳይፈታ የቬንትሌተሩን ብሎኖች ማላላት፤ ቺንጋው ፑሌጃውን ይዞ እንዳይዞር ይረዳል። ከዚያ የዲናሞውን ብሎን አላልቶ ቺንጋውን ማውጣት፤ ቬንትሌተሩንና ፑሌጃውንም ማንሣት።

4. የቱቦዎቹን ፋሸታ አላልቶ ቱቦዎቹን መንቀል። የተሰነጠቀ ቱቦ ካለ አብሮ ይለወጥ።

5. የፓምፑን ብሎኖች መፍታት። ርዝመታቸው ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ ስለዚህ የፓምፑን ቅርጽ በካርቶን ላይ ሥላችሁ እያንዳንዱን ብሎን በየቦታው ሰኩት። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ቢገባ የሞተሩን አካል ሊሰነጥቅ ይችላል።

6. ፓምፑ አልላቀቅ ቢል በእንጨት መዶሻ ቀስ አድርጎ መምታት እንጂ ካቻቢቴ በመካከል አስገብቶ መፈልቀቅ አይገባም፤ ፊቱ ከተጫረ ለዘለዓለም ያፈስሳል።

7. ቀዳዳውን በጨርቅ ደፍኖ የአሮጌውን ጋስኬት ቅሬታ መፋቅ። ፊቱ እንደ መስታወት ንጹሕ ይሁን። ጨርቁን ማውጣት አይረሳ።

8. አዲሱን ፓምፕ ከአሮጌው አጠገብ አስቀምጦ ማመዛዘን፤ የብሎን ቀዳዳው፥ የዘንጉ ርዝመት፥ የክንፉ ስፋት እኩል ነውን? በእጅ ሲዞር ሳይንቋቋ ይዞራልን?

9. አዲስ ጋስኬት አድርጎ ፓምፑን ማስቀመጥ፤ ብሎኖቹን ሁሉ አስቀድሞ በእጅ፥ ከዚያም በመስቀል ቅርጽ እያፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ማጥበቅ። ትክክለኛው ልክ በመኪናው መጽሐፍ ይገኛል፤ ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ግን ብዙ ጊዜ 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ይህም 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ የ10 ኪሎ ክብደት ያህል መጫን ነው። ጉልበተኛ የአሉሚኒየም ጥርስ ይበላል፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ።

10. ፑሌጃውን፥ ቬንትሌተሩንና ቺንጋውን መመለስ። ቺንጋው በረጅሙ በኩል በአውራ ጣት ሲጫን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይርገብ። ከላላ ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ አዲሱን ኩሽኔታ ይበላዋል።

11. የታች መክፈቻውን ዘግቶ ንጹሕ ውሃና ኩላንት እኩል በእኩል ቀላቅሎ በዝግታ መሙላት፤ የባትሪውን ገመድም መመለስ። የምንጭ ውሃ የሚሟሟ ማዕድን ይዞ ስለሚመጣ በውስጥ ይጋገራል፤ ኩላንት ግን ዝገትን ይከላከላል፤ በስሜን ደጋ ሌሊት ውርጭ ሲወርድም ውሃው በሞተር ውስጥ በርዶ ብረቱን እንዳይሰነጥቅ ይጠብቃል።

12. ክዳኑን ሳይዘጉ ሞተሩን ማስነሣት። ቴርሞስታቱ ሲከፈት አየሩ እየተንተከተከ ይወጣል፤ ውሃው ሲጎድል መጨመር፤ ከዚያ ክዳኑን መዝጋት። ፓምፑ ዙሪያ ጠብታ እንዳለ በመብራት ማየት። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ፥ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፥ የውሃውን ልክና ቺንጋውን እንደ ገና መመልከት ያስፈልጋል።

በመንገድ ላይ ቢፈላስ? ቁሙ፤ ሞተሩን አጥፉ፤ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ታገሡ። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ቀዳዳ ይደፍናል ብሎ ዱቄት ወይም እንቁላል በራዲያተር መጨመርም ከቀዳዳው ይልቅ ቀጫጭኖቹን የራዲያተር ቱቦዎች ይደፍናል።

5ኛ፤ ስለ እጅ ሥራ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ በወለቃ ያልፋል። በዚያች መንደር ቤተ እስራኤል ብረት ሲቀጠቅጡና ሸክላ ሲሠሩ ኖረዋል፤ አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ሄደዋል። አገሩ ያለ እነርሱ ማረሻ አያርስም፥ ያለ እነርሱ ድስት አይጥድም ነበር፤ ሆኖም «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር። በሠሪው እጅ እየተጠቀሙ ሠሪውን መናቅ አገራችንን ምን ያህል እንደ ጎዳት እያንዳንዳችን እናስብ።

ዛሬም ያ ንቀት ፈጽሞ አልጠፋም። በወረቀት ላይ የሙቀትን ሕግ አጥርቶ የሚጽፍ ተማሪ፥ በጋራዥ ዘይት የተቀባውን ወጣት ዝቅ አድርጎ ያያል። ሆኖም ሁለቱ የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ አንዱ በቁጥር፥ አንዱ በእጁ። እኛ ቁጥሩን ይዘን ወደ ጋራዡ ብንሄድ፥ ለምን 90 ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ እናስረዳዋለን፤ እርሱም ኩሽኔታ ሲያልቅ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ያስተምረናል። ከልውውጡ የሚጎዳ የለም።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ በሚመጣው የዕረፍት ቀን ከምታውቁት ባለ ጋራዥ ዘንድ ሄዳችሁ አንድ አሮጌ ፓምፕ እንዲፈታላችሁ ለምኑት፤ ማኅተሙን፥ ኩሽኔታውንና ቀዳዳዪቱን በዓይናችሁ እዩ። አንድ ቀን በወረዳ ብቸኛው መኪና ዘንድ ስትቆሙ፥ ከመነሣታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ያችን ትንሽ ቀዳዳ የምታዩ ከሆነ፥ ይህ ትምህርት ፍሬ አፍርቷል።